ላሊሶና የኳስ ቤቱ ጣራ

በር ሲንኳኳ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ይህ አመል የተጠናወተኝ በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመን ሆነው፤ አመሉ ግን እኔው ዘንድ ቀርቷል። ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ሲመታም ወዲያው አልከፈትኩም፤ "ማነው?" ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ።

"ከቦዲቲ ነው። አንጁሎ ነኝ። አስካለ የሚባለው አንተ ነህ?" አለኝ የሽማግሌ ድምፅ።

ጸጉሯ የነጣ ሴትዮ "አንተ ነህ?" ስትባል መሳቅ ነበረባት። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ወንድና ሴት በማይለይ በዚሁ አማርኛ ሲያናግረኝ የኖረ አንድ ሰው ነበር። መወርወሪያውን ሳላነሳ እንግዳው ስለ ማን እንደመጣ ዐወቅሁት።

ከፍቼ ስቆም "ላሊሶ ዐረፈ" አለኝ። "ለእሜቴ ንገሩ ብሎ ነበር። እኔ ነገርኩ። ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

እሜቴ! እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከዚህ ምድር አለቀ ማለት ነው። አንጁሎን አስቀምጬ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለመልበስ ሦስት ጊዜ አዟዟርኩት። እያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው።

ስለ ላሊሶ ልናገር ካልኩ መጀመሪያ ስለ ቤቱ መናገር አለብኝ። ሶዶ ላይ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ቆርቆሮው የዛገ አንድ ረጅም ቤት አለ። ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። የእኔ እኩዮች ግን እስካሁን "ኳስ ቤት" እንለዋለን፤ ለምን እንደምንለው ለልጆቻችን ስናስረዳ ይስቁብናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ስምም አልነበረው። የአባቴ አዳራሽ ነበር።

አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ልጅ፣ የመቶ አለቃ፣ ገባሮች የተመሩለት ሰው ነበር። አዳራሹን ያቆሙት ገባሮቹ ናቸው፤ ጣራውን የከደነው ከገባሮቹ አንዱ የሆነው ላሊሶ ነው። ከልጅነቴ የሚታየኝ ረጅም ቀጭን ሰው ጣራ ላይ ተንጠላጥሎ የቃጫ ገመድ በጥርሱ ሲያጠብቅ ነው። አባቴ ከታች ሆኖ "አንተ ላሊሶ! አልጨረስክም?" ብሎ ሲጮህበት "ገና ነው" ይላል። ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነበር። ራበህ ሲሉት ገና ነው፤ ደከመህ ሲሉት ገና ነው። አባቴ በዚህ ደሙ ይፈላ ነበር፤ እኔ ደግሞ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ እስቃለሁ።

ሌላም አመል ነበረው። ማንም ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት አንገቱን ቀና አድርጎ ጣራውን ያያል። በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ እንኳን "እንዴት አደርክ" የሚለው ወራጆቹን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። አንዴ አክስቴ ቤት ለቅሶ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ እሱ ወደ ላይ አንጋጦ ቆየና በቀስታ "በዚህ በኩል ክረምት ይገባል" አለ። እውነትም ገባ።

ጣሊያን ሲመጣ አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴ ቀድማ ሞታለች። አዳራሹን ወታደሮቹ ያዙት፤ እኔ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወደምትገኝ አንድ ጎጆ ወጣሁ። የዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ብዙም ሳይቆይ ልብስ አጣቢ ስለፈለጉ ወሰዱኝ። የአባቴን ቤት የጠረጴዛ ልብስ ማጠብና በከሰል ካውያ መተኮስ ሥራዬ ሆነ። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቀላል፤ ግን መብላት ነበረብኝ።

የዚያ ቤት አዛዥ አንድ ካፒቴን ነበር። ፊቱ ቀይ፣ ሳቁም ቁጣውም ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሰው። ከአገሩ ጫፋቸው ብረት የሆነ ዱላዎች በቦርሳ ይዞ መጥቷል። ከአዳራሹ ፊት ያለውን የከብት ግጦሽ አስከልሎ ሰባት ትንንሽ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ በየጉድጓዱ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ተከለ። ጨዋታውን ጎልፍ ይለዋል። ረቡዕና እሑድ ከሰዓት በኋላ መኮንኖቹ ተሰብስበው ያችን ነጭ ኳስ እየመቱ ይከተሏታል። ሲደክማቸው የአባቴ አዳራሽ ገብተው ይጠጣሉ። የሶዶ ሰው ግራ ገብቶት ቆሞ ያያል። ትልልቅ ሰዎች፣ ያውም ጦር ያዘዙ፣ እንቁላል የምታክል ኳስ ፍለጋ ሳር ውስጥ ሲያጎነብሱ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ኳስ ቤት የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው።

ላሊሶንም ካፒቴኑ አስቀረው። ጣራውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጠግናል፤ በበጋ የሜዳውን ሳር ያጭዳል። እንዲህ ሆነን ተገናኘን። እኔ የጌታው ልጅ፣ እሱ ገባሩ፣ ሁለታችንም የአንድ ባዕድ አሽከር። እሱ ግን "እሜቴ" ማለቱን አልተወም። አንዳንዴ ያሾፈብኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ይህን ቃል ሰምቼ ብቻ ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ እውላለሁ።

አንድ ረቡዕ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሜዳው ዳር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ለስላሳ አፈር ያለው ባዶ ጉድጓድ በየቀኑ እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ አቃታቸው መሰለኝ፣ ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ቦይና ተከሉበት፤ ያ ጎደሬ የምንለውን። የመኮንኖቹ ኳስ ተንከባልላ ቀይ ጨርቁ ሥር ስትደርስ ለምለም ቅጠል ይዞ ጠበቃት። ካፒቴኑ ጮኸ። ላሊሶ ተጠራ። እኔ ከጓሮ እርጥብ ልብስ እንደያዝኩ ወደ ቤቱ ጥግ ሮጥኩ፤ ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው ሲገረፍ አይቻለሁ።

ላሊሶ ተንበረከከ። ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ወደ ካፒቴኑ ቀና ብሎ "ጌታዬ፣ በቅሏል" አለ።

አስተርጓሚው ተረጎመ። አንድ ወፍራም መኮንን ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹ፤ በመጨረሻ ካፒቴኑም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ላሊሶ ቦይናውን ሥሩን ሳይጎዳ ነቅሎ በኩታው ጠቅልሎ ወሰደ። ጓሮ ሲደርስ "አልፈራህም?" አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቁታላችሁ። ቦይናውን ሄዶ ከደጁ ተክሎ በዓመቱ በላው።

ላሊሶ ወንጌል ከሚያስተምሩት የፈረንጅ ሚሲዮኖች የተማሩት ወገን ነበር። ጠላ አይቀምስም፣ ሰው ሲምል አብሮ አይምልም። ጣሊያን ሚሲዮኖቹን ካስወጣ ወዲህ የእነሱ ነገር ከፍቷል። የጸሎት ቤቶቻቸው ተቃጥለዋል፣ ሽማግሌዎቻቸው ታስረዋል፣ መጽሐፍ የተገኘበት ይገረፋል። እኔ እውነቱን ለመናገር ለእነሱ አላዘንኩም። የንስሐ አባቴ ከእነሱ ጋር እንዳልውል መክረውኛል፤ ጾሜን እጾማለሁ፣ ታቦቴን እሳለማለሁ፤ ከዚህ ያለፈ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈልግም ነበር።

ጣጣው ግን ራሱ መጣ። አንድ ቀን መኮንኖቹ ሜዳ ላይ ሳሉ፣ እኔ ጓሮ እንዶድ እየወቀጥኩ፣ ላሊሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኩታው ሥር በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

"እሜቴ፣ ፊደል ታውቃለህ አይደል?"

አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት አስደግሞኛል። ጥቅልሉን ሲፈታ ከመዳፍ የማይበልጡ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ወጡ። ፊደሉ የእኛው ፊደል፣ ቃሉ ወላይትኛ። ወንጌል ነው።

"ይህን ከእኔ አርቅ! ልታስገድለኝ ነው?" አልኩት።

"ሌላው ተቃጥሏል። የቀረው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ለእኔ ሰጡ፤ አንተ ጣሊያን ጣራ ላይ ነህ፣ እሱ የራሱን ጣራ አይፈትሽም አሉ። እኔ ደብቄአለሁ። ግን ምን እንደሚል አላውቅም። ለፊደል ዓይኔ እምቢ አለ፤ ለሳር ብቻ ነው የሚሆነው።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳላልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ማንበብ ናፍቆኝ ይሆናል፤ ምናልባትም እንደ ሰው የለመነኝ እሱ ብቻ ስለነበር። አንድ ገጽ ከፈትኩና እንደ ዳዊት በዜማ አነበብኩለት። ወላይትኛውን ከሞግዚቴ ለምጄዋለሁ፣ ቢሆንም በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ዓይቼ አላውቅም ነበር። ላሊሶ መጀመሪያ በዜማው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ፤ የገዛ አፉን ቃል ከወረቀት ላይ ሲሰማ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ በየረቡዑ አነበብኩ። እኔ እያጠብኩ ወይም እያሰጣሁ፣ እሱ ከጣራው ጠርዝ ላይ ሳር እየጠገነ። ትንሽ አነባለሁ፣ እሱ ይደግመዋል፣ በቃሉ ሲይዘው ወገቡ ላይ ካሰረው ቃጫ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ጣራ ሲከድን ስንት እስር ሳር እንደገባ የሚይዘውም እንዲሁ ነበር። እሑድ ያን ገመድ ይዞ ወደ ቦዲቲ ይወርዳል፤ ቋጠሮውን በጣቱ እየዳሰሰ ለሰዎቹ ቃል በቃል ይናገራል። እኔም ሳነብ ኳሷ የምትመታበትን ድምፅ እያዳመጥኩ ነው፤ ድምፁ ሲቀርብ አፌን እዘጋለሁ። መጻሕፍቱ ጣራው ውስጥ እንደሚያድሩ ነግሮኛል። "የቱ ጋ እንደሆነ ግን እንዳትነግረኝ" ብዬዋለሁ። አለማወቅ የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር።

በሰኔ መግቢያ ላሊሶ ከአራት ሰዎች ጋር ቦዲቲ አጠገብ፣ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሲጸልዩ ተያዘ። ወሬውን የሰማሁት ከአስተርጓሚው ነው፤ ቆሞ ሲያወራ እኔ ካውያውን ጨርቁ ላይ ረስቼው አንዱን የጠረጴዛ ልብስ አቃጠልኩት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሁለት መኪና ሙሉ ቆርቆሮ መጣ። ካፒቴኑ ሳር ቤት ሰልችቶታል፤ ሰኞ ጠዋት ጣራው ይፈርሳል ተባለ።

ሳሩ ሲወርድ መጻሕፍቱ ይወጣሉ። ላሊሶ ማንበብ እንደማይችል የማያውቅ የለም። ከአስተርጓሚው በቀር በዚያ ግቢ ፊደል የምታውቅ ሐበሻ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። በዴሳ ከተማ ወዳለችው አክስቴ ልሽሽ አልኩ፤ መሸሼ ራሱ ምስክር ይሆንብኛል ብዬ ቀረሁ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ሐሳብ ነበር። "ይናገራል" እል ነበር በልቤ። ሲገርፉት ስሜን ይጠራል። ለምን አይጠራም? የአባቴ ገባር የነበረ ሰው ለእኔ ምን ዕዳ አለበት?

ዓርብ ዕለት ቆርቆሮውን ከመኪና እንዲያወርዱ እስረኞች አመጡ። ላሊሶም አለበት። ፊቱ አብጧል። ልብስ እያሰጣሁ በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም፤ ይልቅ የቆርቆሮውን ሌላ ጫፍ ለያዘው እስረኛ በወላይትኛ ጮክ ብሎ፣ ስለ ሥራው እንደሚያወራ ሰው፣ "ከበሩ በቀኝ ሰባተኛው ወራጅ፣ ከታች ሦስተኛው ማገር ሥር" አለ። ጠባቂዎቹ ወላይትኛ አያውቁም። "ቶሎ በል!" ብለው በሰደፍ ገፋ አደረጉትና አለፈ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ እንግዶች ጠርቶ ሜዳ ወጣ። የታጠበውን ልብስ በትልቅ ቅርጫት ይዤ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ለላሊሶ ብዬ ነው ብል ዋሸሁ፤ ለራሴ ነፍስ ነው የሄድኩት። ከበሩ በቀኝ ሰባት ወራጅ ቆጠርኩ፣ ጠረጴዛውን ጎትቼ ወንበር ደረብኩበትና ወጣሁ። እጄን ሳሩ ውስጥ እስከ ክንዴ አስገባሁ። ሳር ነው። ወደ ግራ ዳበስኩ፣ የአይጥ ጎጆ። ወርጄ እንደገና ቆጠርኩ። ስድስተኛውንም ስምንተኛውንም ፈተሽኩ። ከላይ የሚረግፈው ትቢያና ገለባ ነጩ ጨርቅ ላይ ክምር ሠራ። በመስኮት ሳይ አራተኛው ባንዲራ ላይ ደርሰዋል። የመጨረሻው ጉድጓድ ከደጃፉ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ በሁለት እጄ ራሴን ያዝኩ። ላሊሶ በጣራ ነገር አይሳሳትም። ስህተት ካለ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ የቆጠርኩት ከእኔ በር ነው።

አዳራሹ ሁለት በር ነበረው። ወደ ሜዳው የሚከፈተው ትልቁ በር የአባቴ፣ የእንግዶቹና የእኛ የቤት ልጆች ነው። ከኋላ፣ በማድ ቤቱ በኩል፣ ገባሮች እንጨትና ማር ይዘው የሚገቡበት ጠባብ በር አለ። ያን ቤት በሙሉ በእጁ የከደነው ሰው በትልቁ በር አንድ ቀን እንኳን ሲገባ አላየሁትም። ጣሊያኖቹ ከመጡ ወዲህ ማንም አይከለክለውም ነበር፤ እግሩ ግን ለምዶ ዞሮ በጓሮ ነው የሚገባው። እኔም በዚያ ቤት ስኖር ይህን አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ማፈር ነበረብኝ፤ ለማፈር እንኳን ጊዜ አልነበረኝም።

ጠረጴዛውን ከነወንበሩ ወደ ጓሮው በር ጎተትኩ። ከዚያ በቀኝ ሰባት ቆጠርኩ፤ ከታች ሦስተኛው ማገር። እጄ ገና ሲገባ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ነካሁ። ስስበው አብሮ የረገፈው ሳር ዓይኔን ሞላው። ጥቅልሉን ቅርጫቱ ታች፣ ከቆሸሹት ልብሶች ሥር ቀበርኩት፤ ገለባው የረገፈበትን ጨርቅ ከነትቢያው ጠቅልዬ ላዩ ላይ ጫንኩ። ጠረጴዛውን ቦታው መልሼ አዲሱን ጨርቅ እያነጠፍኩ ሳለ ካፒቴኑ ላቡን እየጠረገ ገባ። አየኝ። ቀረብ አለና ከጸጉሬ ላይ አንድ ገለባ አንስቶ በጣቱ አዞረው።

"ሳር" አለ በሰባራ አማርኛው። ከዚያ ወደ ጣራው ጠቁሞ "ነገ ቆርቆሮ! ጥሩ!" ብሎ ሳቀ።

"ጥሩ ጌታዬ" አልኩ። ቅርጫቱን ተሸክሜ በዘበኛው ፊት አለፍኩ። መጻሕፍቱን ቤቴ ወስጄ በእንዶድ ማስቀመጫዬ ቅል ውስጥ ከተትኳቸው። ሰኞ ሳሩ ወረደ፤ ሜዳው ላይ ተቃጠለ፤ ምንም አልተገኘም።

አብረውት የታሰሩት አራቱ በወሩ ተፈቱ። ላሊሶ ቀረ። ለምን እንደቀረ አልጠየቅሁም። በካፒቴኑ ላይ ክፉ ተናግሮ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰባት ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር "ተናገረ፣ መጡ" እያልኩ ኖርኩ። ይህ ልብ የሚያስቀድም አመል የዚያን ጊዜ ነው የያዘኝ።

በጥር አንድ ጠዋት ከአጥሬ ውጪ "እሜቴ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳየው አላወቅሁትም ነበር። ትከሻው ወርዷል፣ አንድ እጁ አይታጠፍም። ሰው እንዳያየን ግራ ቀኝ አይቼ ጥቅልሉን ከቅሉ አወጣሁና በአጥሩ ላይ አቀበልኩት።

"ሦስቱም አሉ። ከእንግዲህ ግን እዚህ እንዳትመጣ። ልታስጨርሰኝ ነው? እኔ አንተን አላውቅህም፤ አንተም አታውቀኝም" አልኩት።

"እሺ እሜቴ" አለ። ጥቅልሉን በደህናው እጁ ብብቱ ውስጥ አደረገና ቁልቁል ሄደ።

ቃሉን ጠበቀ። ጣሊያን ከወጣም በኋላ አልመጣም። እኔም አልሄድኩ። የወገኖቹ ሽማግሌ እንደሆነ፣ በቃሉ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲናገር ሰው እንደሚደነቅ እሰማለሁ። አንዳንዴ ገበያ ላይ ከሩቅ አየዋለሁ፤ ያቺን የማትታጠፍ እጁን ሳይ ፊቴን ወደ እህሉ አዞራለሁ። ለራሴ ግን የምናገረው ሌላ ነበር። ከነጭራሹ የእኔ ውለታ ያለበት እሱ ነው እል ነበር፤ መጻሕፍቱን ያወጣሁለት እኔ፣ ከሞት ያተረፍኩት እኔ። ለጎረቤት አውርቼው አላውቅም እንጂ በልቤ ስኮራበት ኖሬአለሁ።

የቀብሩ ዕለት ቦዲቲ ስደርስ ሰዉ ሜዳውን ሞልቶታል። ከቀብር ከተመለስን በኋላ አንጁሎ ድንኳኑ ጥግ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ያን ቆርቆሮ ስንሸከም ሌላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "አንተ ልብስ ታሰጣለህ። እኔ አይቻለሁ።"

"መጽሐፉን ለማዳን የነገረኝ ቀን" አልኩት።

"መጽሐፍ?" አለና ራሱን ነቀነቀ። "መጽሐፍ ቢቃጠል ይቃጠል፣ ቃሉ እኔ ዘንድ አለ ነው ያለን እስር ቤት። ጣራው ሲፈርስ ካገኙት ግን ያን ሴት ይወስዳሉ አለ። እሱን ነበር የፈራ።"

አንጁሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኛን ምን ምን ጠየቁን፤ ለቀቁን። እሱን አንድ ነገር ብቻ ነው። ገመዱን አግኝተዋል። ይህ ምንድነው አሉት፤ ቃል ነው አለ። አንተ አታነብም፣ ማነው ያነበበልህ? ረሳሁ አለ። በየቀኑ ይጠይቃሉ። እጁን የሰበሩት በዚያ ነው። ሰባት ወር ረሳሁ፣ ረሳሁ። ያ ሰው አንድ ቃል ረስቶ አያውቅም እኮ!"

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንዲት የልጅ ልጁ ምግብ አቀረበችልኝ፤ አልበላሁም። "የተፈታ ቀን" አልኩት አንጁሎን፣ "መጀመሪያ ወዴት ሄደ?"

"ወደ አንተ ነዋ። ቤቱ ሳይገባ። ደህና መሆንህን ልይ ብሎ፤ በኋላ ከወሰዱት ሩቅ እስር ቤት ሁለት ቀን ምንም ሳይቀምስ በእግሩ።"

ከዚያ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ያን ጠዋት እየመለስኩ አየዋለሁ። ከአጥሬ ውጪ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። እኔ ግን ውሃ እንኳን አላጠጣሁትም።